የግማሽ ሰዓቷ ሰበብ

ጉልላት ያለ ምክንያት ሰው ቤት የሚሄድ ሰው አልነበረም። ደረቅ ነው፣ ምን ይደረግ! ዕድሜውን ሙሉ አዋሽ ጣቢያ የምድር ባቡር ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚውል፣ «ናፈቅከኝ» ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ የሚመርጥ ዓይነት ሰው። ሚስቱ የሞተች ጊዜ እንኳ ለቀስተኛ ፊት አላለቀሰም። ጓዳ ገብቶ ነው ያለቀሰው፤ ያንንም ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ኢስማኢል።

ኢስማኢል የወሎ ሰው ነው፣ ባቡር ሲፈታና ሲገጥም ያረጀ መካኒክ። ከጣቢያው ጀርባ ባሉት የባቡር ቤቶች ውስጥ ሦስት ደጃፍ ተራርቀው ነው ሁለቱ የኖሩት። አንዱ የሌላውን ሥጋ ባይበላም፣ ፋሲካም ይሁን አረፋ፣ እቤቱ ሄዶ ለስላሳ ጠጥቶ እንኳን አደረሰህ ሳይል አይውልም። ያ ግን በዓል ነው፤ ለበዓል ሰበብ አያስፈልግም። በአዘቦት ቀን ጉልላት ምን ብሎ የሰው በር ያንኳኳል?

ሰበቡን የሰጠው በሽታው ነው። ስኳር ያዘውና ኢንሱሊን ታዘዘለት። የዚያን ጊዜው መድኃኒት ከብልቃጥ በሲሪንጅ እየተሳበ የሚወጋ ነበር፤ ተወግቶም ወዲያው አይበላም፣ ሥራውን እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ሌላው በሽተኛ ይህችን ግማሽ ሰዓት ሲረግማት ጉልላት እንደ ሲሳይ ተቀበላት። ሽሮውን በቀስታ እሳት ላይ ይጥዳል፣ ይወጋል፣ ከዚያ ኢስማኢል ደጃፍ ላይ ከተፍ ይላል።

«ወጋህ?» ይላል ኢስማኢል ከውስጥ።

«ወግቻለሁ። ሰዓቱ እስኪደርስ ነው።»

«ማን ምን አለህ? ተቀመጥ።»

ዳማው ቀድሞ ተዘርግቶ ነው የሚጠብቀው። ጠጠሩ ቆርኪ ነው፤ የጉልላት የቢራ፣ የኢስማኢል የለስላሳ። ኢስማኢል ሲያሸንፍ «ድሮስ የሐራም ሠራዊት መቼ ይቀናዋል!» ይላል። ጉልላት ሲያሸንፍ ደግሞ «በስኳር ያበጠ ጦር ይዘህ ነው ከእኔ ጋር?» ይለዋል። ስለ ባቡሩ ያወራሉ፣ ስለ ሞቱት ያወራሉ፣ ብዙውን ጊዜ ምንም አያወሩም። ኢስማኢል ግን ዓይኑን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አይነቅልም። «ደረሰ! ተነሥ፣ ሂድ ብላ!» ብሎ ቆርኪውን በመዳፉ ይጠርገዋል፤ በተለይ ሊሸነፍ ሲል። ጉልላት እያጉረመረመ ይወጣል፣ ኢስማኢልም ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ሊተጣጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ ይነሣል።

የኢስማኢል ልጅ ረዲ የሞተ ጊዜ ሰውዬውን ያቆመችው ይህችው ግማሽ ሰዓት ናት። ባቡሩ ሥራ ሲያቆም የአዋሽ ወጣት ጥላ እየፈለገ መዋል ጀምሮ ነበር። ኢስማኢል ልጁ ጫት ቤት ሲውል ማየት አልቻለም፤ ያለችውን ሸጦ መንጃ ፈቃድ አስወጣለትና በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ላይ አስቀጠረው። ጉልላት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ «ተው ኢስማኢል፣ ልጁ ገና ነው፤ ይሄ መንገድ ሰው አይምርም» ብሎት ነበር። ኢስማኢልም «ሥራ ፈትቶ ከሚሞትብኝስ?» አለው። መኪናው ገዋኔ ሳይደርስ ተገለበጠ።

ጉልላት ቃሬዛውን ተሸክሟል፣ አፈር አልብሷል። «ብዬህ አልነበር?» የምትለዋ ቃል ግን ካፉ አልወጣችም። ያን ሰሞን ኢስማኢል በሩን ለሰው ሁሉ ሲዘጋ ለጉልላት ብቻ ይከፍት ነበር፤ ተወግቶ የመጣን በሽተኛ ደጅ አያስቆሙማ! ቃሏ ግን ሆዱ ውስጥ ነበረች። ጉልላት መኖሯን ያውቅ ነበር፣ ደግሞም ሳይናገራት የሚሞት መስሎት ነበር።

ጉልላት ኑሀሚን የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ ሰመራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች። የአባቷ ስኳር ከምግብ በኋላ ሽቅብ እየወጣ ሲያስቸግር አዲስ አበባ ወስዳ አሳየችው፤ ሐኪሙም የምግብ ሰዓቱን መድኃኒት በሌላ ለወጠለት። ብዕር የሚመስል ነገር ነው። ጫፉን አዙረህ ልኩን ታወጣለህ፣ ሆድህ ላይ ጠቅ፣ አለቀ። መርፌዋ ከፀጉር ብዙ አትወፍርም።

«ይሄኛው ፈጣን ነው አባዬ» አለችው ኑሀሚን። «ሳህኑ ፊትህ ይቀርባል፣ እጅህን ትታጠባለህ፣ ትወጋለህ፣ ወዲያው ትበላለህ። ሳትበላ ከቆየህ ስኳርህ ወርዶ ይጥልሃል፤ ተወግተህ የትም አትሄድም። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

«እኔ ያንቺ ተማሪ ነኝ እንዴ? ምግብ ሳይቀርብ አይወጋም፣ ተወግቶ አይኬድም። ይበቃሻል?»

«ተመስገን! ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተገላገልክ» አለች ደስ ብሏት።

ጉልላት ደስ አላለውም። ለምን ደስ እንዳላለው ግን ለልጁም አልነገራትም።

እውነቱን ለመናገር መድኃኒቱ ጥሩ ነበር፣ ለሰው ጥፋት መድኃኒት አይታማም። ከበላ በኋላ የሚጫጫነው ድካም ለቀቀው፣ የአፉ መድረቅ ቀረ፣ ውሃ ውሃ ማለቱን ተወ። ችግሩ ወዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀን እንደታዘዘው በልቶ ጨርሶ ሄደ፤ ኢስማኢል መስጊድ ሄዷል። በማግስቱ ቆየት ብሎ ሄደ፤ ኢስማኢል ሙቀቱ ጥሎት ተኝቷል። በሳልስቱ ሳይወጋ በድሮው ሰዓት ሄደ።

«ወጋህ?» አለ ኢስማኢል ከውስጥ።

ጉልላት ደጃፉ ላይ ክው ብሎ ቀረ። ሰውዬው ውሸት አይሆንለትም። «አልወጋሁም» ቢል «ታዲያ ምን እግር ጣለህ?» ሊባል ነው። መድኃኒቱ ተለውጧል፣ መጠበቅ ቀርቷል ቢል ደግሞ ከነገ ወዲያ ምን ብሎ ይመጣል? «ቆይ፣ መጣሁ» ብሎ ቤቱ ተመለሰና ያንን ፈጣን መድኃኒት ወግቶ መጣ። «ወግቻለሁ» አለ። ይኸው፣ አልዋሸም! አይ ሞኝነት! እውነት ተናገርኩ ብሎ ሞቱን ሆዱ ውስጥ ከትቶ ዳማ ሊጫወት ተቀመጠ።

እንደዚያ እያደረገ ሰነበተ። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተጫውቶ «ሽሮው እንዳያርብኝ» እያለ ቶሎ ይነሣ ነበር። ኢስማኢል ቅር አለው። «ምነው ዘንድሮ ችኮላ አበዛህ? ሰለቸሁህ እንዴ?» ሲለው ጉልላት ሆዱ ባባና መቆየቱን ጥቂት በጥቂት አስረዘመ። ላብ ሲያጠምቀው የአዋሽ ሙቀት ነው አለ። እጁ ሲንቀጠቀጥ እርጅና ነው አለ። ቤቱ ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች ሳያላምጥ ይውጥና ነፍሱ መለስ ስትል «አየህ፣ ምንም አልሆንክም» ይላል ለራሱ።

የኢስማኢል ሴት ልጅ ሐዋ አባቷን ልትጠይቅ የመጣች ቀን ነው ጉዱ የፈላው። ሐዋ ሰመራ አግብታ ሱቅ ከፍታለች፣ ወሬዋ አያልቅም። ጨዋታውም ደርቷል፣ ጉልላት እየመራ ነው። ድንገት የኢስማኢልን ቆርኪ አንሥቶ ከራሱ ጠጠር ላይ ደረበው። ኢስማኢል ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ምንድነው ይሄ ሁሉ ላብ? ሰዓቱ እኮ ገና ነው» ሲል ጉልላት ሰማው። አንዱ የግድግዳ ሰዓት ተደርቦ ሁለት ሆኖ ታየው። ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የለም።

ሲነቃ መሬት ላይ ነው። ጺሙ ላይ ስኳር ደርቋል፣ ሸሚዙ እስከ ሆዱ ተከፍቶ ርሷል፣ ሐዋ ባዶ ኩባያ ይዛ ታለቅሳለች። ኢስማኢል በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«አስደነገጥኳችሁ» አለ ጉልላት አፍሮ፣ ሸሚዙን ቶሎ ቶሎ እየቆለፈ።

«አላህ አተረፈህ» አለ ኢስማኢል ሳይዞር።

በማግስቱ ሲያንኳኳ ሐዋ ወጥታ «ተኝቷል» አለችው። በሌላውም ቀን ተኝቷል። ሳምንት ሳይሞላ አባቷንና ዕቃውን ጭና ሰመራ ወሰደችው። ጉልላት መሄዳቸውን የሰማው ከሰፈሩ ባለ ሱቅ ነው።

ወይ የዚያን ጊዜው ንዴት! «ታምሜ ቤቱ ብወድቅ ተጸየፈኝ! ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ ደህና ሁን እንኳ አይለኝም?» እያለ ለሰፈሩ አዳረሰ። ጥፋቱ ከማን እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ ጎረቤትም አዝኖለት ከንፈር መጠጠለት። ሐዋ አንድ ሁለቴ ስትደውል ስልኩን እያየ አላነሣም። ከዚያ ወዲያ ኑሀሚን እንዳለችው ሆነ፤ ሳህኑን ያቀርባል፣ ይወጋል፣ ወዲያው ይበላል። ሐኪሞቹም «ጎበዝ! ስኳርህን እንዴት አድርገህ ያዝከው?» አሉት።

ሁለት ክረምት እንዳለፈ ኑሀሚን ወለደች። ጉልላት የልጅ ልጁን ሊያይ ወደ ሰመራ ተነሣ። ገዋኔ ሲቃረቡ፣ ረዲ የተገለበጠበት ላይ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ አዳይቱ ከተማ ላይ ሹፌሩ ለሻይ ሲቆም ሰው ሁሉ ሲወርድ እሱ አልወረደም። ሰመራ በገባ በማግስቱ መብራት ጠፋ። የሰመራ ሙቀት ቀልድ አያውቅም፤ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠው ኢንሱሊን መበላሸቱ ነው። ኑሀሚን አራስ ናት፣ ባሏ ለሥራ መስክ ወጥቷል።

«ሐዋ ሱቅ ጄኔሬተር አለ አባዬ» አለች። «አስፋልቱን ስትሻገር ሰማያዊው በር ነው። ወስደህ አስቀምጥ።»

«ሞቼ ነው እዚያ ቤት የምረግጠው!»

«እንግዲያው ይበላሻ። ማታ ሆድህ ላይ ውሃ ትወጋለህ።»

ጉልላት ጥቂት አኮረፈና ተነሣ። «ለመድኃኒቱ ስል ነው» አለ ጫማውን እያጠለቀ።

ሐዋ ስታየው የያዘችው ዕቃ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሮጣ መጥታ ጉልበቱን ሳመች፣ መድኃኒቱን ተቀብላ ፍሪጅ ውስጥ ከለስላሳው ጎን አስቀመጠችለት። ጉልላት መሄድ ይችል ነበር፤ የመጣበት ጉዳይ አልቋል። እግሩ ግን እምቢ አለው።

«አባትሽ ደህና ነው?» አለ ኩርፊያው ሳይለቀው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ጓዳ ነው።»

«ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ሰው መስሎኝ።»

ሐዋ ትክ ብላ አየችው። «ጋሼ፣ እውነት ያን ቀን ያሉትን አያስታውሱትም?»

«ምን አልኩ?»

«ይቅር ጋሼ። ከነገሩ ጦም እደሩ።»

«ሐዋ! ምን አልኩ?»

ነገረችው። አባቷ ጭንቅላቱን ደግፎ የስኳር ውሃ ሊያጠጣው ሲታገል ጉልላት ኩባያውን እንደደፋው፣ ኮሌታውን አንቆ ይዞ «ልጅህን በእጅህ ገድለህ ቀበርክ፣ አልበቃህ ብሎ እኔን ልትጨምር ነው?» ብሎ ጎረቤት እስኪሰማ እንደጮኸበት ነገረችው። አንዴም አይደለም፣ ደጋግሞ ነው። አባቷ እንባው እየወረደ ደረቁን ስኳር በጣቱ እየዛቀ አፉ ውስጥ ሲጨምርለት ነበር። ጉልላት ነክሶትም ነበር።

ጉልላት ሱቁ ውስጥ ካለ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁ ጋሼ» አለች ሐዋ። «ስኳር ሲወርድ ሰው የማይለውን ይላል፣ አትቀየሙት አሉኝ። ለአባዬም ነገርኩት። ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ጉልላት አይሰክርም፤ የእሱን ስኳሩ አወጣው› አለኝ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን ይመለሳል? በየጎረቤቱ «ተጸየፈኝ» እያለ ያወራው ሁሉ፣ እያየ ያላነሣው ስልክ፣ ተራ በተራ መጣበትና ጆሮው ድረስ ጋለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ድሮ ይሰማ ነበር፤ በራሱ ይደርሳል ብሎ ግን መቼ አስቦ! ተነሥቶ ወደ ጓዳው ገባ።

ኢስማኢል ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ መስበሐውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ከስቷል። የጉልላት አፍ በልማድ «ሰዓቱ እስኪደርስ ነው» ሊል ከፈት አለና ተመልሶ ተከደነ። ያ ደረቅ ሰው ተንበርክኮ ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ኢስማኢል ትከሻውን ይዞ ከለከለው።

«ተው፣ ሽማግሌ ነህ። ለአላህ ብዬ አውፍ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ያኔውኑ ነው ያልኩት።»

«ዛሬ ነው የሰማሁት ኢስማኢል። በሞተችው ሚስቴ፣ ዛሬ ነው። መድኃኒቱ ተለውጦብኝ ነው፤ አዲሱ ፈጣን ነበር፣ ተወግቶ ወዲያው ነው የሚበላው...»

«ተለውጦ ነበር?» አለ ኢስማኢል። መስበሐው እጁ ላይ ቆመ። «እኔ ሰዓት እየጠበቅኩልህ ‹ገና ነው፣ ተቀመጥ› እያልኩ ልገድልህ ነበር በለኛ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

«ሱብሃነላህ! ሰው ወዳጁ ቤት ለመምጣት መርፌ ይወጋል?»

ጉልላት ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል። ኢስማኢል ዓይን ዓይኑን እያየ ጠየቀው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያቺ ቃል ከዚያ ቀን በፊት ልብህ ውስጥ ነበረች?»

«አልነበረችም» ቢል ያምነው ነበር። ማመን እንደሚፈልግ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ሽማግሌው እንደ ሕፃን አፍ አፉን ነው የሚያየው። በዕድሜ ልኩ አንዲት ቀን ቢዋሽ ምን ነበረበት? ጉልላት ግን አልሆነለትም። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ጣለ።

«ነበረች» አለ።

ኢስማኢል ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«እኔም ልብ ውስጥ አለች» አለ ቀስ ብሎ። «ጧት ማታ ለራሴ የምላት እሷን ነው። አንተ ስትመጣ ብቻ ነበር ዝም የምትልልኝ። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ብዬ ነበር ዳማውን ቀድሜ የምዘረጋው። ከአንተ አፍ ከሰማኋት በኋላ ግን የት ልሂድ?»

ሐዋ እንጀራ በምስር ይዛ ገባች፤ ጉልላት የእነሱን ሥጋ እንደማይበላ ታውቃለችና ሥጋ አልጨመረችበትም። መድኃኒቱንም ከፍሪጅ አውጥታ አጠገቡ አኖረችለት። ኢስማኢል ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ።

«ይሄ የአሁኑ አያስጠብቅም አይደል?» አለ።

«አያስጠብቅም።»

«እንግዲያው ወግተህ ብላ። አዛን ሊል ነው፣ እኔ ልሂድ።»

ሄደ። ጉልላት ወጋ። ተወግቶ አለመብላት አይቻልም፣ እየታገለ በላ። በልቶ ሲጨርስም ኢስማኢል አልተመለሰም። ትንሽ ጠበቀው። ከዚያም ሰው ቤት ያለ ምክንያት መቀመጥ አያውቅበትምና ተነሣ።

ወደ ሱቁ ሲወጣ ጄኔሬተሩ ጠፍቷል፣ አምፖሉ ግን በርቷል። «መብራት መጣ ጋሼ» አለች ሐዋ፣ ለመድኃኒቱ ላስቲክ እያዘጋጀች።

«እዚህ ይቆይ» አለ ጉልላት ቶሎ ብሎ። «መልሶ ቢጠፋስ? ነገ በምሳ ሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ሐዋ ወደ ጓዳው፣ ወደ ባዶው ምንጣፍ ዞር ብላ አየች። ከዚያ መድኃኒቱን ተቀብላ ላስቲክ ውስጥ ከበረዶ ጋር ከተተችና በሁለት እጇ ሰጠችው።

ጉልላት ተቀበለ። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ። የሸሚዙ የአንገት ቁልፍ አንቆት ኖሮ በጣቱ ፈታው።

«ለመድኃኒቱ አልነበረም የመጣሁት በይው» አለ። «ያኔም ለመድኃኒቱ አልነበረም። ናፍቆኝ ነው በይው።»

«እነግረዋለሁ ጋሼ» አለች ሐዋ፣ ቀና ብላ ሳታየው።